ከኅዳር ጭስ ሥር

ኦቦ ገመቹን ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘኋቸው ሰበታ ታክሲ ተራ ላይ ነው። ኅዳር ገና መግባቱ ነበር። እኔ ከሱሉልታ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባን አቋርጬ፣ የልጄን አዲስ ቤት ልጠይቅ መምጣቴ ነው። በአንድ እጄ የሱሉልታ ቅቤ በጣሳ፣ በሌላው ለልጅ ልጄ የገዛሁትን ቀይ ሹራብ በፌስታል አንጠልጥዬ ከታክሲው ስወርድ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸውን ደርበው የተፍኪን መኪና ሲጠብቁ አየሁ። መልካቸውን ሳይሆን አቋቋማቸውን ነው ያወቅሁት። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ቆሞም ቢሆን ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ገመቹ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ትንሽ አዩኝና፣ «ነጋ፣ ነጋ። ዘነቡ ነሽ አይደል? ፀጉርሽን ምን አገኘው፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትውይው?» አሉኝ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን እዚያው ከሊስትሮዎቹ አጠገብ ቆምን።

ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ እኔ ደም ግፊት፣ ተፍኪ ከልጃቸው ጋር ስለ መኖራቸው ካወጋን በኋላ ስለ ልጄ ስለ ሰብለ ጠየቁኝ። እሳቸው የሚያውቋት የወተት ጥርሷ ሲነቃነቅ ነው። «አግብታ ወልዳለች። የከተማው ኪራይ አላስቀምጥ ቢላቸው እዚሁ ሰበታ ቤት ገዝተው ገቡ» አልኳቸው። «ሰበታ የት ጋ?» አሉኝ። «ከድሮው የባትሪ ፋብሪካ ግንብ ጀርባ። መቼም እሱ ከተዘጋ ቆየ።» ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንሥተው እንደገና ደረቡት። «የፋብሪካውን በር አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል» አሉ። «ባለፈው ሳልፍ አየሁት። ጥበቃ ቆሞበታል፤ የጭነት መኪናም ይገባል።» ምን እንደሚጭን ጠየቅኋቸው። «የተሸፈነ ነው» አሉ። የተፍኪ መኪና መጣች። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስገባቸው ዞር ብለው፣ «ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። በማግስቱ የጫልቱን መቃብር አይቼ ልጅሽን እጠይቃታለሁ» አሉኝ፤ ጫልቱ ሟች ባለቤታቸው ናት። ከዚያ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ «ያቺ ቱቦ ግን የት ደረሰች?» አሉ። መልሴን ሳይሰሙ መኪናው ሄደ። እኔም ቅቤዬን እንደያዝሁ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ እኔና ኦቦ ገመቹ ሥራችን አየር መለካት ነበር። እሳቸው ሹፌር፣ እኔ ተመልካች። ዘመኑን በስም ጠርቼ አልናገርም። ሻይ በሳንቲም የሚጠጣበት፣ ቦምቦሊኖ ከመዳፍ የሚሰፋበት፣ ካሴት በእስክርቢቶ የሚጠነጠንበት ጊዜ ነበር በሉት። እኔ ያን ጊዜ ወገቤ የሚታይ ሴት ነበርሁ። ከመርካቶ በብዙ ክርክር የገዛሁት ባለ ትከሻ ኮትና ጅንስ ጉርድ ነበረኝ፤ ፀጉሬን በየአሥራ አምስት ቀኑ በቢጉዲን አስጠቀልለው ነበር። ኦቦ ገመቹ ቡናማ የቆዳ ጃኬታቸውን በጋም ክረምትም አያወልቁም። መኪናችን አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ በሩ በገመድ ታስሮ የሚዘጋ፣ ካሴት ማጫወቻው ግን እንደ አዲስ የሚዘፍን። አንድ የክራር ትዝታ ነበራቸው፤ ከቡራዩ አቀበት ላይ ካልሆነ አይከፍቱትም። ስሜ ዘነበች ሆኖ እንጀራዬ የተንጠለጠለው በብራ ሰማይ ላይ ስለ ነበር፣ ዝናብ ጀምሮ መለካት ባቃተን ቁጥር «ዛሬም ስምሽ ሥራ አስፈታን» ይሉኛል።

ቱቦዋ የክንድ ያህል ናት። ከመኪናው ጣራ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ወደ ሰማይ ታያለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ከሥሯ አንድ ቀጭን የመስታወት ክር ብርሃኑን ወደ እኔ ጭን ላይ ወዳለው ሣጥን ያወርደዋል። ሣጥኑ ያንን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ይበትነዋል። አየር ላይ ያለ ጋዝ ሁሉ፣ ዓይን የማያየው እንኳ ቢሆን፣ ከዚያ ቀስተ ደመና የየራሱን ጉርሻ ይበላል። ዲን ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ አንዱን ጥግ ይበላል፣ ከመኪና ጭስ የሚወጣው ሌላውን። እኛ የጎደለውን አይተን ማን እንደ በላው እናውቃለን፤ ምን ያህል እንደ በላም መስመር ሆኖ ከሣጥኑ ጋር በተያያዘው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። መስመሯ ከተጋደመች ከራሳችን በላይ ያለው አየር ንጹሕ ነው። ከተነሣች አንድ ነገር አለ። ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ ቱቦዋን አይቶ «ይሄ ምን የሚተኩስ ነው?» ቢለን፣ ኦቦ ገመቹ «ይሄ አይተኩስም ጌታው፣ ያሸታል እንጂ» ብለውት ከት ብሎ ስቆ አሳልፎናል።

መንገዳችን ከተማዋን በስተጀርባ መዞር ነበር። ከሱሉልታ እንነሣለን። ያኔ ሱሉልታ ማለት ሜዳ፣ ላምና ውርጭ ነው፤ ከጫንጮ በኩል የሚመጡ ወተት ሻጮች ጣሳቸውን በኮባ ቅጠል ከድነው መንገድ ዳር ይደረደራሉ። አሁን እኔ በዚያው ሜዳ ላይ በተሠሩ ፎቅ ቤቶች መሀል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ላም ካየሁ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ቡራዩ እንዞራለን። የቡራዩ ድንጋይ ፈላጮች መዶሻ ከሩቅ ይሰማል። እነሱ ሥር ስንደርስ ኦቦ ገመቹ መስኮት ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ይቀላለዷቸዋል፤ እነሱም ቱቦዋን እያሳዩ ምን እንዳሉ ባይገባኝም ሳቃቸው ገብቶኝ አብሬ እስቃለሁ። እዚያ ጥግ ላይ አንዲት ሴት የምትሸጠው ድንች በሚጥሚጣ ነበር፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጠናለች፤ የጋዜጣው ቀለም ድንቹ ላይ ታትሞ እናነበዋለን። የዚያን ድንች ጣዕም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ ምናልባት የቀለሙ ጣዕም ይሆን እንጃ። ከቡራዩ በኮረኮንቹ ስንንገጫገጭ ሰበታ እንገባለን፤ መንገዱ የሚያልቀው እዚያ ነው። ምሳችንም ሰበታ ነው፤ ኦቦ ገመቹ ቤት።

ቤታቸው ከግንቡ ጀርባ ነበር። ግንቡ ረጅምና ግራጫ ነው፤ በውስጡ ያረጀ የመኪና ባትሪ ሰብረው እርሳሱን የሚያቀልጡበት ፋብሪካ አለ፤ ማን እንደሚያዝበት አናውቅም። ባለቤታቸው ጫልቱ አጭር፣ ሳቂታ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ጓሮዋ ውስጥ ጎመን አልምታ ትሸጥ ነበር። ስንመጣ ጩኮ በቅቤ ለውሳ ትጠብቀናለች፤ ገብስ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ ከዚያ በፊት አላሰብሁም። ደረቷ ግን ደካማ ነው። አቀበት ስትወጣ ሲር ሲር ይላል፤ ስትስቅም መሀል ላይ ቆርጣ አየር ትፈልጋለች። የጎመኗ ቅጠል ጠርዝ ነጭ ነጭ ይል ነበር። «ውርጭ ነው፤ ኅዳር ሲገባ እንዲህ ነው የሚመታው» ትላለች። ሱሉልታም ውርጭ አለና አመንኳት።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገርመኝ ነበር። ከመኪናው ስወርድ አሁን የተጫረ የክብሪት ሽታ አፍንጫዬን ወጋ ያደርገዋል። «ይሄ የክብሪት ሽታ ከየት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ባልና ሚስቱ ተያይተው፣ «ምን ይሸታል?» ይላሉ። የምር አይሸታቸውም። ጩኮውን በልቼ ጨርሼ ስነሣ ለእኔም አይሸተኝም። ኦቦ ገመቹ ይህን ነገር ሲያጫውቱ፣ «አፍንጫ እንግዳ ሲሆን ነው እውነት የሚናገረው፤ ቤተኛ ከሆነ ይዋሻል» ይሉ ነበር። ቱቦዋ ግን ቤተኛ አትሆንም። በየሳምንቱ በዚያ ግንብ ሥር ስናልፍ መስመሯ ትንሽ ቀና ትላለች፤ ካለፍን በኋላ ትተኛለች። የሥራችን ኃላፊ፣ እኛ ዶክተር ብቻ የምንለው ጠንቃቃ ሰው፣ ያቺን ቀና ማለት አይቶ ለሚመለከታቸው ይጽፍ ነበር። መልስ እስኪመጣ እኛም ለመድናት።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ አንለካም፤ ኅዳር ሚካኤል። ነገሩን የማያውቅ ካለ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን አገሩ ሁሉ ይታጠናል። በአያቶቻችን ዘመን የገባ ክፉ በሽታ ሰውን እንደ ቅጠል ካረገፈ በኋላ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። በየደጁ ቅጠሉ፣ ቆሻሻው፣ አሮጌ ጫማው፣ የተቀደደው ፍራሽ ይከመርና ይቃጠላል። እናቶች ልጆቻቸውን ጭሱ መሀል ያቆማሉ፤ ያመመው ሰው ደግሞ ረዘም አድርጎ ይቆማል፤ በሽታው ከጭሱ ጋር እንዲሄድ ነው። ዶክተር «በዚያ ቀን ሰማዩ ራሱ ሰክሯል፤ የሰካራም ቃል አይመዘገብም» ብሎ ደንብ አወጣ። ትክክልም ነበር፤ ብዙ ጭስ ሲኖር ብርሃኑ ይምታታል። እኛ ደግሞ በዓላችንን ስለ ሰጠን አመሰገንነው። ጫልቱ በዚያ ቀን ከመንደሩ ሁሉ ትልቁን እሳት የምታነድ እሷ ነበረች። ደረቷ ደካማ ስለሆነ።

አንድ ዓመት በማግስቱ፣ ኅዳር አሥራ ሦስት፣ እንደ ልማዳችን ወጣን። መንገዱ ሁሉ ዐመድ ነው፤ የጎዳና ውሾች ሳይቀሩ ዐመድ ለብሰዋል። ሰማዩ ግን ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከሱሉልታ ጀምሮ መስመሯ ተጋድማለች፤ ቡራዩም እንደዚያው፤ ድንቻችንን በልተን እየዘፈንን ነበር። ሰበታ ግንቡ ሥር ስንደርስ መስመሯ ተነሣች። እንደ ሁልጊዜው ቀና ማለት አይደለም፤ ተነሥታ ከኮምፒውተሩ ጫፍ ወጣች። ሣጥኑ ተበላሸ ብዬ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። «ይመለሱ» አልኳቸው ኦቦ ገመቹን። ዞረው በድጋሚ አለፉ፤ በድጋሚ ተነሣች። ሦስተኛም አለፍን። በዙሪያው የሚነድ እሳት የለም። የየደጁ ዐመድ ቀዝቅዟል፤ ልጆች ይረግጡታል። የፋብሪካው ጥበቃ በር ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በውሃ ይታጠባል። ከግንቡ በላይ ሳይ ነጣ ያለ ስስ ጉም ቀስ ብሎ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። ያኔ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ዝቃጭ የሚያቃጥሉት በኅዳር ሚካኤል ቀን ነው። ሁሉም በሚያጨስበት ቀን የማንም ጭስ አይለይም፤ የሚጠረጥር አይኖርም፤ የሚለካም የለም። ዘንድሮ ግን ሥራቸው ሳያልቅ በዓሉ አልቆባቸዋል።

ኦቦ ገመቹ መኪናውን አቁመው መሪውን እንደያዙ ቀሩ። «ይሄ ነገር በየዓመቱ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ አለማወቃችን ነው የሚያስፈራው። ወደ ቤታቸው አልገባንም ያን ቀን። ዶክተር መስመሯን አይቶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። «ለከርሞ በበዓሉ ዕለት ራሱ ትወጣላችሁ» አለን። ከርሞ ሩቅ ነው። ዓመት ሙሉ ጫልቱ ጎመኗን አጠጣች፣ ጩኮዋን ለወሰች፣ እኛም እየበላን ዝም አልን ማለት አይደለም፤ ነገሩን ብንነግራት «ምንም አይሸተኝም» ብላ ሳቀችብን፤ ኦቦ ገመቹ ስንት ጊዜ ሌላ ሰፈር ቤት ፈልገዋል። በሹፌር ደመወዝ ግን ከግንብ ሥር የወጣ ቤት አይገኝም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰና ወጣን። ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ በየደጁ ይነዳል። መስመሯ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ ግን ዝቅ ብላ ነው። «ይሄ የቅጠል ጭስ ነው፤ ዲን የለውም» እላቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰበታ ስንገባ ካሴቱን አጠፉት። «አሁንስ?» አሉኝ። «ትወጣለች።» ትንሽ ሄድን። «አሁንስ?» «አሁንም ትወጣለች።» ሦስተኛ አልጠየቁኝም። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳነሣ የቆምነው በራቸው ላይ ነው። ጫልቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጭሱ መሀል ቆማለች። ከኋላዋ፣ ከግንቡ በላይ፣ ያ ነጣ ያለ ጉም ይወርዳል፤ ከእሷ ጭስ ጋር ይቀላቀላል፤ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ጫልቱ፣ ኮቱ» አሏት ከመኪናው ወርደው፤ ነይ ማለታቸው ነው። ዓይኗን ገለጠችና ሳቀች። «ምን ሆነሃል? ኅዳር እኮ ነው። ለደረቴ ነው የምታጠነው።» እጇን ያዙ። «ሰው ያየናል፤ ከእሳቴ ላይ እየጎተትክ» አለች፤ እየቀለዱ መስሏታል። እኔም በመስኮት፣ «ጫልቱ፣ ከግንቡ የሚመጣው ሌላ ነው፤ አይሸትሽም?» አልኳት። አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ያንን አሳሳቧን አልረሳውም፤ ረዥምና የምር ነበር። «ቅጠል ብቻ ነው የሚሸተኝ» አለች። በግድ አስገብተናት ቡራዩ ወሰድናት፤ ድንች ገዛንላት፤ እስኪመሽ እዚያ አስቀመጥናት። እሷ ግን ያሳሰባት ሳይጠፋ የተወችው እሳት ነበር። ሲመሽ ወደ ቤቷ መለስናት። ወዴት እንውሰዳት? ቤቷ እዚያ ነው።

ልኬቱ ተጻፈ፣ ተላከ፤ መልሱ መንገድ ላይ ቀረ። ጫልቱ በክረምቱ ተኛች። ሐኪም ቤት ሳምባ ነው አሉ፤ ሳምባ ከምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኔም የማላውቀውን አልጨምርም። ቀብሯ ላይ ዝናብ ይጥል ነበርና ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስምሽ ዛሬም አልማረን» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን ባየው እንባቸው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ከሠረ ተባለና ተዘጋ። የእኛም ክፍል ፈረሰ፤ ላንድሮቨሩ ተሸጠ፤ ቱቦዋ በስፖንጅ ተጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ገባች፤ ሣጥኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ወደ ሰማይ ለማየት የተሠራች ነገር እስከ ዛሬ ጣራ እያየች ይሆናል። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ሰብለ «ሰበታ ርካሽ ቤት አገኘን» ስትለኝ የግንቡን ነገር አንሥቼባታለሁ። «እማ፣ ተዘግቷል እኮ፤ አንቺ ደግሞ የድሮ ነገር አትተዪም» አለችኝ። ተዘግቶም ነበር።

እናም ዘንድሮ፣ ኦቦ ገመቹን ያገኘሁ ዕለት ልጄ ቤት ገብቼ ምንም ሳይሸተኝ ተመለስሁ፤ ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ግን እንደገና መጥቼ አደርሁ። ከታክሲ ወርጄ ስገባ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ የክብሪት ሽታ። ሰብለን ብጠይቃት «ምን ይሸታል?» አለችኝ፤ አንገቷን እንኳ ቀና ሳታደርግ። ጓሮዋ ውስጥ የተከለችው ጎመን ጠርዙ ነጭ ነጭ ብሏል። «ውርጭ ነው» አለች። የልጅ ልጄ ሜላት ሌሊት ከጎኔ ተኝታ ስትተነፍስ ሲር ሲር ትል ነበር። አባቷ ገላን መጋዘን ይሠራል፤ ሲመሽ ገብቶ ሲነጋ የሚወጣ ሰው ምኑን ይሰማል።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ማጨስ ጀመረ። ጎረቤቶች ተጠራርተው ቅጠሉን ከመሩ፤ ሰብለም የተቀደደ ፍራሽ አወጣች። ሜላት እንደ ሌሎቹ ልጆች ሮጣ ጭሱ መሀል ገባችና እጆቿን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። ማንም አላስተማራትም፤ ሲያደርጉ አይታ ነው። እኔ ግን ያየሁት ጫልቱን ነው። ዘልዬ ክንዷን ይዤ ሳወጣት ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ሰብለ ተቆጣች። «እማ፣ ምን ነካሽ? ኅዳር እኮ ነው» አለችኝ። ያው ቃል ነው፤ ሳይጨመር ሳይቀነስ። «ሰብለ፣ ከግንቡ ወዲያ የሚመጣ አለ። ልጅቷን ይዘሽ ሱሉልታ ነይ፤ ጥቂት ጊዜ ከእኔ ጋር ክረሙ» አልኳት። «ሥራዬን ማን ይሠራልኛል? ቤቱንስ? ያለን ሁሉ እዚህ ነው የገባው እማ። ለሽታ ብለን ቤት ጥለን እንሂድ?» አለችኝ። ውሸት አልተናገረችም። ለማስረዳት ብዙ ሞከርሁ፤ ቱቦዋ የለችኝም፤ መስመር የለኝም፤ ያለኝ አሮጌ አፍንጫ ነው። በመጨረሻ፣ «ነገ ጠዋት እሳቱ ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ ከሸተተ ትሄጃለሽ፤ ካልሸተተ አፌን እዘጋለሁ» አልኳት። ሳቀችና እሺ አለች።

ኅዳር አሥራ ሦስት ጠዋት ከማንም ቀድሜ ተነሣሁ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ዐመዱ ቀዝቅዟል፤ ሰማዩ እንደዚያን ጊዜው ታጥቧል። አየሩን ወደ ውስጥ ሳብሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ ሳብሁ፤ ብርድ ብቻ ነው። ሰብለ ከኋላዬ መጥታ «እህ፣ የአየር መለኪያ፣ ዛሬስ ምን አለ?» አለችኝ። ምንም የለም አልኳት። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ጠዋት በመሸነፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ደስ ሲለው የሚያውቀውንም ይረሳል። ሻይ አፈላች፤ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተን ፀሐይ እየሞቅን ጠጣን፤ ሜላት ዐመዱን በእንጨት ትጭረዋለች። ሰብለ የእኔን ድንጋጤ እያስመሰለች ታስቀኛለች፤ ዘልዬ ክንድ ስይዝ እንዴት እንደምመስል።

ኦቦ ገመቹ የመጡት ያኔ ነው። ከመቃብሩ መምጣታቸው ነው፤ ጫማቸው ላይ ቀይ አፈር አለ። ከሩቅ አይቼ እጄን አነሣሁላቸው፤ እሳቸውም አነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ሰላምታ ሊሰጡ የዘረጉት እጅ ተመለሰና የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘ፤ ጋቢው ቀስ ብሎ ወጣና አፍንጫቸውን ሸፈነ። ከጋቢው በላይ ዓይናቸው ቀልቶ ውሃ ሞላ። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለቻቸው ሰብለ። «ምንም አይደል ልጄ» አሉ በጋቢው ውስጥ። «ከውጭ መጥቼ ነው።»

ሰብለ የያዘችውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች። እሳቸውን አየች፤ ግንቡን አየች፤ አየሩን እንደ ጫልቱ ረዥም አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበችና ምንም እንዳልሸተታት ከፊቷ አነበብሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ምንም አይሸተኝም ነበር። «እማ» አለች፣ «የሜላት ሹራብ የት ነው ያለው?»

ቦርሳ አንጠልጥለን ስንወጣ የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በግንቡ ሥር ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነበር። ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አላወረዱም። ልጆቹ እሳቸውን እያዩ ተሳሳቁ፤ ከዚያ ተሰልፈው «እንደምን አደራችሁ» አሉን። አንዳቸውም አፍንጫቸውን አልያዙም።